«መሥራት አይፈቀድላትም»፦ የአንዲት መስመር ታሪክ

ባልሽን ተከትለሽ ሰሞኑን መላዝ የገባሽ እህቴ፣ ሻንጣሽን ፈተሽ ሳትጨርሺ ሁለት ዓይነት ምክር ይደርስሻል። አንዷ «ቤት ቁጭ ብለሽ ምን ልትሆኚ ነው? እዚህ እኮ ሁሉም ይሠራል» ትልሻለች። ሌላዋ ደግሞ «የባልሽን ገንዘብ አትጠይቂ፣ የሚሰጥሽን ተቀበይ» ትላለች። ሁለቱንም ከመስማትሽ በፊት አረብኛ የሚያነብ ሰው ፈልጊና ወረቀቶችሽን አስነብቢ። «ሙራፊቅ» ወይም «ታቢዕ» ትባያለሽ፣ ተከታይ ማለት ነው፤ መሥራት እንደማይፈቀድልሽም ይነግሩሻል። (ሚስቱን ተከትሎ የመጣ ባልም በመካከላችን አለ፤ ለእሱም ያው ነው።) ይህች መስመር ከየት እንደመጣች ማወቅ የቤታችሁን ሒሳብ ለመሥራት ይጠቅማልና ትንሽ ወደኋላ ልውሰድሽ።

የምትኖሪበት ሰፈር ራሱ ለመጤ ቤተሰብ የተሠራ ነው። በ1950ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የሳዑዲ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ከጅዳ ወደ ሪያድ ሲዛወሩ፣ ሠራተኞቹ የሚያርፉበት ስላልነበረ መላዝ ተቀየሰ። ያኔ ሪያድ የጭቃ ቤትና የጠባብ መንገድ ከተማ ነበረች፤ መላዝ ግን ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድና ቪላ ነበረው። «አዲሲቷ ሪያድ» ይሉት ነበር። ደመወዙ የባል ነበር፣ ቤተሰቡ ተከትሎ መጣ። ዛሬ በሲቲን መንገድ ስታልፊ ያ ሁሉ አርጅቶ የእኛ ዓይነቱ ሰው ሞልቶበት ታያለሽ።

በዚያው ዘመን፣ በ1371 ሂጅራ ማለትም በ1952፣ የመኖሪያ ሕጉ ወጣ። መሠረቱ ዛሬም አልተለወጠም፤ የውጭ ሰው እዚህ የሚኖረው በሌላ ሰው ኃላፊነት ነው። ባልሽ በከፊሉ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንቺ ደግሞ በባልሽ ላይ። የእሱ ኢቃማ ካልታደሰ ያንቺም አይታደስም። እሱ ኹሩጅ ከተመታበት አንቺም ሻንጣሽን ታዘጋጃለሽ። ስለዚህ የእሱ ሥራ «የእሱ ጉዳይ» ብቻ አይደለም፤ ውሉን፣ የኢቃማውን ማብቂያ ቀን፣ ደመወዙ በወቅቱ መግባቱን የማወቅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለብሽ።

አገራችን ለሴት የተሻለች ነበረች እንዳልል፣ እኛም 1952 አለን፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ዓመቱ ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡን ራስ ባል አድርጎት ነበር። ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው፣ ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለም የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ተጽፎባታል። ለቤተሰቡ ጥቅም በሚል አንዱ የሌላውን ሥራ መቃወም ይችል ነበር፤ ተቃዋሚው ማን እንደነበር ለአንቺ አልነግርሽም። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም ነው። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከታገለላቸው ነገሮች አንዱ የነበረው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ባልና ሚስትን በቤታቸው አስተዳደር እኩል አደረጋቸው። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም በአዋጅ 79 የራሱን አወጣ። እናቶቻችን ያላገኙትን አግኝተን፣ አውሮፕላን ተሳፍረን መጣንና እዚህ ደግሞ ከልካዩ ባል ሳይሆን ማኅተም ሆነ።

«ማንም አያየኝም» የምትል ካለች 2013ን ታስታውስ። በዚያ ዓመት መጋቢት የሥራ ሕጉ አንቀጽ 39 ተጠናከረ፤ ሠራተኛ ከከፊሉ ውጭ ለሌላ እንዳይሠራ፣ ለራሱም እንዳይሠራ የሚለው ነው። ፍተሻው ሲጀመር ከደነገጡት መካከል የግል ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በባሎቻቸው ኢቃማ ሆነው የሚያስተምሩ የየአገሩ ሚስቶች ክፍል መግባት ፈርተው ቤት ቀሩ። መንግሥት የእፎይታ ጊዜ ሰጠ፣ እስከ ኅዳር 3 አራዘመው፣ በኅዳር 4 ዘመቻው ተጀመረ። ከእኛ ወደ ደቡብ ባለችው መንፉሓ የሆነውን የነበረ ያውቀዋል፤ እዚህ አልዘረዝረውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። አብዛኞቹ ሙራፊቅ አልነበሩም፤ ወረቀት የሌላቸው ወይም ከከፊላቸው ውጭ የሚሠሩ ነበሩ። ሕጉ ግን በአንቺም ላይ ያው ነው። ቤት እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ ሹሩባ መሥራት፣ በሰዓት ጽዳት መሄድ «ለራስ መሥራት» ይባላል። ቅጣቱ እስከ 50,000 ሪያል፣ እስከ 6 ወር እስር፣ ከዚያም መባረር ነው። አንድ ምጣድ ለዚህ አይበቃም።

በሩ ግን ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም። ከዚያ ግርግር በኋላ ተከታይ የሆኑ ሚስቶች በ«አጂር» በኩል ፈቃድ ወጥቶላቸው በግል ትምህርት ቤት እንዲያስተምሩ መንገድ ተከፈተ። ሌላው መንገድ ኢቃማን ከባል ወደ አሠሪ ማዛወር ነው፤ ያኔ ተከታይነቱ ይቀርና በራስሽ ስም ሠራተኛ ትሆኛለሽ። ደንቡ ደጋግሞ ስለሚለዋወጥ ከአንድ ዓመት በፊት የተሳካላት ጎረቤት ቃል ብቻ አይበቃሽም። አሠሪው «ነገ ጀምሪ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» ካለሽ፣ ወረቀቱ እስኪደርስ ቤትሽ ጠብቂ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በእያንዳንዱ ተከታይ ላይ በወር 100 ሪያል ተጣለ፣ በየዓመቱ 100 እየጨመረ በ2020 400 ደረሰ። ሚስትና ሁለት ልጅ ያለው ሰው በዓመት 14,400 ሪያል ይከፍላል። ደመወዙ 4,000 ከሆነ የሦስት ወር ተኩል ደመወዝ ሄደ ማለት ነው፣ ኪራይ ሳይነካ፣ ሐዋላ ሳይላክ። በዚያ ምክንያት ብዙ የየአገሩ ሰው ቤተሰቡን መልሶ ሸኘ። በ2021 ኢቃማን በሦስት ሦስት ወር ማደስ መፈቀዱ ትንፋሽ ሰጥቷል፤ ድምሩ ግን አልቀነሰም። ከዚህ በፊት እቁብ የገባችሁ ከሆነ የእቁቡ ቀንና የኢቃማው ቀን እንዳይጋጩ ተያዩ። ዕጣው ቀደም ብሎ የሚወጣለት ሰው ይደሰታል፣ ያልወጣለት ደግሞ በኢቃማው ወር ሲበደር አይተናል።

አንተም ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ስማኝ። «ደመወዙ የኔ ነው» ትል ይሆናል። በቤተሰብ ሕጋችን በጋብቻ ውስጥ በጉልበትህ ያገኘኸው የጋራ ነው፤ አገር ቤት የገዛኸው በአንተ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ይባላል። አንቀጽ 68ን ያነበበ ጥቂት ነው፤ የጋራ ቤት ለመሸጥ ቀርቶ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለሰው ዋስ ለመሆን የሁለታችሁ ስምምነት ያስፈልጋል። 500 ብር ዛሬ ምንም አይደለም፣ ሕጉ ሲወጣ ግን ገንዘብ ነበር፤ እስካሁንም እንደተጻፈ ነው። በሸሪዓ የተጋባችሁ ደግሞ መንገዱ ሌላ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የሚስት ሀብት የራሷ ነው፣ ነፈቃው ግን በባል ላይ ነው። በየትኛውም ብትሄድ፣ ሚስትህ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችው ስንፍና ይዟት ሳይሆን ወረቀቷ ከልክሏት ነው። ወንድምህ ስልክ ደውሎ ገንዘብ ሲጠይቅ እሷ ከሌላ ሰው አትስማ።

የምትልኩትንም አብራችሁ ወስኑ። ሪያል ከ1986 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 ታስሯል። ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በሪያል ስትቆጥሪው ከ15 ብር ገደማ ወደ 27 ማለት ነው። ለዓመታት ልኮ በብር ያስቀመጠና ያኔ ሪያል በእጁ የነበረው እኩል አላደሩም። ለእናት መድኃኒት የሚላከው ይላካል፣ እሱ አይጠብቅም። «ይቀመጥልኝ» ተብሎ የሚላከው ግን በማን ስም፣ በምን ገንዘብ፣ ለምን ያህል ጊዜ ተብሎ ይጠየቅ።

በአንዱ ዓርብ ቡና ተፈልቶ ወረቀት ይውጣ። በአንድ በኩል ደመወዙ፣ በሌላው ኪራይ፣ የተከታይ ክፍያ በወር ተከፋፍሎ፣ የልጅ ትምህርት፣ ሐዋላ፣ እቁብ። ያንቺን ሥራ ገቢ ገና ፈቃዱ ሳይመጣ አትጻፊበት። የባንኩ ማስታወቂያ በማን ስልክ እንደሚገባ፣ እሱ ድንገት ቢታመም ወይም ቢያዝ ከፊሉን በየትኛው ቁጥር እንደምታገኚው ከታች ይጻፍ። ያለ አንቺ ስምምነት አገር ቤት የተደረገ ሽያጭ ወይም ብድር ካለ ደግሞ፣ አንቀጽ 69 ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ብቻ ነው የሚሰጥሽ፣ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈውም አይቻልም። የሁለቱ አንቀጾች ፎቶ ኮፒ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ አለ፤ ጠይቀሽ ውሰጂ።