የመኪና መሪና ቁመተ ረጅሙ ነጂ

ካርል ቤንዝ በጥር ወር 1886 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ባለሦስት ጎማውን የሞተር ሠረገላ ባስመዘገበ ጊዜ፣ ነጂው አቅጣጫ የሚያስይዝበት መሣሪያ ከወለሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግና በጫፉ ላይ የተተከለች አንዲት እጀታ ብቻ ነበረች፤ ከእርሱም በኋላ ለጥቂት ዓመታት የተሠሩት አብዛኞቹ ሠረገላዎች እንደ ታንኳ መቅዘፊያ በሚገፋና በሚሳብ ዘንግ ይመሩ ነበር። በ1894 ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው ውድድር ግን አልፍሬድ ቫሽሮን የተባለ ፈረንሳዊ በፓናር መኪናው ላይ ክብ መሪ ገጥሞ ቀረበ፤ በ1898ም የፓናርና ለቫሶር ፋብሪካ ክቡን መሪ የመኪናዎቹ ሁሉ ሥርዐት አደረገው፣ ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረውም ዘንግ ወደ ነጂው ዘንበል አለ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መሪው ከነጂው ጭን በላይና ከደረቱ ፊት ስለ ተቀመጠ፣ የሰው ቁመት፣ የእጁና የእግሩም ርዝመት፣ የመኪና ሠሪውን አሳብ ሊይዝ የሚገባው ነገር ኾነ።

ይሁን እንጂ ሠሪዎቹ ይህን ለመቀበል ብዙ ዘመን ዘገዩ። ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው የፎርድ ሞዴል ቲ የፊት ወንበሩም መሪውም ከቦታው ንቅንቅ የማይል ነበርና፣ በመካከላቸው ራሱን ማመቻቸት የነጂው ዕዳ ነበር። በዚያን ዘመን ጎማ የሚዞረው በክንድ ጕልበት ብቻ ስለ ነበረ በከባዶቹ መኪናዎች ላይ መሪው ሰፊ መኾን ነበረበት፤ መሪው በሰፋ መጠንም የታችኛው ከንፈሩ ወደ ጭን ይቀርባል። ጭኑ ረጅም የኾነ ሰው በእንዲህ ያለው መኪና ሲቀመጥ ጕልበቶቹ ከመሪው ግራና ቀኝ ወጥተው ይቆማሉ፤ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ ወደ ፍሬን ሊያዞር ሲል ጕልበቱ ከመሪው ጠርዝ ጋር ይጋጫል፤ ወንበሩን ወደ ኋላ የሚስብበት መኪና ቢያገኝ ደግሞ መሪው በስፍራው ስለሚቀር እጁ ይዘረጋል፣ ትከሻው ከመደገፊያው ይለቃል፣ ከጥቂት ሰዓት መንገድም በኋላ ወገቡ ይጨነቃል። ስለዚህ ረጅም ሰው የሚፈልገው ነገር ሁለት ነው፤ መሪው ከጭኑ ከፍ እንዲልለት፣ ወደ ደረቱም እንዲቀርብለት። ይህን መለየት ለታሪኩ ሁሉ ቍልፍ ይመስለኛል፤ ፋብሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ አንዱን ሰጥተው ሌላውን ነሥተዋልና።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን መከራ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። በ1955 የወጣውና በኋላ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ በከተማችን በታክሲነት ያገለገለው ፊያት ሴይቼንቶ ርዝመቱ 3.2 ሜትር ያህል ብቻ ሲኾን፣ የፊት ጎማው ማቀፊያ ወደ ውስጥ ስለ ገባ ፔዳሎቹ ወደ መካከል ተገፍተው ነበር፤ መሪውም የማይቀርብና የማይርቅ ነበርና፣ ቁመተ ረጅም የኾነ ሾፌር ወገቡን ወደ አንድ ወገን፣ እግሩን ወደ ሌላው ወገን አድርጎ መንዳት ነበረበት። በዚህ አኳኋን ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ላመላለሱት ሰዎች ከልብ የመነጨ አክብሮት አለኝ።

ከሁለቱ ፈውሶች አንዱ፣ ማለትም የመሪው ወደ ደረት መቅረብ፣ አስቀድሞ ከታየባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በ1948 የታየው ጃጓር ኤክስኬ 120 በመሪው ሥር ያለውን ቀለበት በማላላትና በማጥበቅ መሪውን ወደ ነጂው ለመሳብ ወይም ለማራቅ ያስችል ነበር። በውድድር ሜዳ ግን በ1950 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን የኾነው ኢጣልያዊው ጁሴፔ ፋሪና፣ ቀድሞ ነጂዎች መሪውን በደረታቸው አቅፈው ይታገሉበት የነበረውን ልማድ ትቶ፣ ወደ ኋላ ተደግፎና ክንዱን ዘርግቶ በመንዳቱ ለብዙዎች አርኣያ ኾነ።

ሁለተኛው ፈውስ፣ የመሪው ከፍ ማለት፣ ከአሜሪካ መጣ። በ1951 ክራይስለር በኢምፔሪያል መኪናው ላይ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ በማውጣቱ የክንድ ጕልበት ግድ መኾኑ ቀረ፣ መሪውም ለመጥበብ መንገድ አገኘ። በ1961 የፎርድ ተንደርበርድ መሪ መኪናው ሲቆም ወደ ጐን የሚንሸራተት ኾነ፤ ይህ ግን ለመግባትና ለመውጣት እንጂ ለመንዳት አልረዳም። በ1963 የጄኔራል ሞተርስ የሳጊናው ክፍል በሰባት ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚል መሪ አወጣ፤ በ1965ም ካዲላክ ከፍ ዝቅ ማለቱንና መቅረብ መራቁን በአንድ ዘንግ ላይ አጣመራቸው። እንግዲህ ክብ መሪ ከታየ ከ70 ዓመት በኋላ መኾኑ ነው። ያም ቢኾን ለባለጸጋ ብቻ ነበር። የዕቃ ንድፍ ባለሙያው ሄንሪ ድራይፈስ በ1955 ባሳተመው መጽሐፉ የሰውን አካል ልክ ለሠሪዎች በሥዕል አቅርቦ ነበር፤ ዳሩ ግን በሥነ ልክ የሚመሩት መሐንዲሶች ከመቶ ወንድ የዘጠና አምስቱን ቁመት ወሰን ሲያደርጉ፣ ከዚያ በላይ የኾኑትን አምስቱን ከሒሳቡ ውጭ ይተዋሉ።

ከእነዚህ ከተተዉት አንዱ የውድድር መኪና ነጂው ዳን ገርኒ ነበር። ቁመቱ ወደ ምድር እጅግ በቀረበው ፎርድ ማርክ 4 ውስጥ ለመግባት አልፈቀደለትምና፣ ሠራተኞቹ ለ1967ቱ የለ ማን ውድድር ከነጂው ራስ በላይ ያለውን ጣራ ቈርጠው እብጠት ሠሩለት፤ እርሱም ከኤ. ጄ. ፎይት ጋር 24ቱን ሰዓት ነድቶ አሸነፈ።

ተራው ሰው ግን ጣራ የሚቈርጥለት ቡድን ስለሌለው ወደ ጋራዥና ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። በአሮጌ መኪና ላይ ሥራው ግልጥ ነው፤ መካከለኛው ዳዶ ይፈታል፣ መሪው ከጥርሳማው ዘንግ ላይ ይነቀላል፣ በመካከሉ ጥርሱ ልክ በልክ የተቀረጸ የብረት ማራዘሚያ ይገባል፣ መሪውም በዚያው መጠን ወደ ነጂው ይቀርባል። ከ1968 ወዲህ ግን በአሜሪካ ሕግ መሪው በግጭት ጊዜ ወደ ነጂው ደረት ከ127 ሚሊሜትር በላይ እንዳይገፋ ስለ ታዘዘ፣ የመሪው ዘንግ ራሱ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ ኾኖ ይሠራል፤ ይህን ዘንግ የሚበይድ ወይም የሚያጠነክር መካኒክ የሰውን ደረት ለብረት ይሰጣል። የአየር ከረጢት ባለበት መሪ ላይም በደረትና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር መቅረት አለበት። ስለዚህ ባለሙያ የኾኑት መሪውን ከመንካታቸው በፊት የወንበሩን ሐዲድ ያስረዝማሉ፣ መቀመጫውንም ዝቅ ያደርጋሉ፤ ይህ ካልበቃም ለዚያው መኪና ፋብሪካው የሠራው የሚቀርብና የሚርቅ ዘንግ ካለ እርሱን ፈልገው ይገጥማሉ።