ጠገራ ብርና ግሎባላይዜሽን

ስለ ግሎባላይዜሽንና ዓለም አቀፍ ንግድ የመጀመሪያውን ትምህርት ስሰጥ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ነገሩ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አንድ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ።

የኦስትሪያዋ ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1780 አረፈች፤ መልኳን የያዘው ብር ግን ያንኑ ዓመት እንደተሸከመ መመታቱን ቀጠለ። ቡናችንና ቆዳችን በቀይ ባሕር ሲወጣ ጠገራው በምላሹ እየገባ ገበያችንን ሞላው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ብር በፓሪስ ቢያስመቱም፣ ነጋዴው የለመደውን የባዕድ ብር መረጠ።

ልማዱ ግን መዘዝ ነበረው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተረክቦ ጠገራውን በሮም ማስመታት ጀመረ። ሊወርረን የተነሣው መንግሥት እኛው የምናምነውን ገንዘብ ራሱ አመረተ ማለት ነው! አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ የዋለው ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ነበር።

ውድ አንባብያን፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብዙ ተከራክረናል። እኔ ከዓለም ገበያ መሸሽ ያዋጣል አልልም፤ ጠገራውም ነጋዴዎቻችንን ጠቅሟል። ነገር ግን ወደ ገበያ የሚወጣ ሕዝብ የሚገበያይበት ገንዘብ መምቻ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።