ቁራሽ እንጀራና ፊደል

ጎንደር ስትነሣ መቼም ሁሉም የሚያወራው ስለ ግንቧ ነው፤ እኔ ስለ ቁራሽ እንጀራዋ ላውራ። አቋቋም ፍለጋ ከወገራም ከስሜንም ወደ ጎንደር በአታ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ስንቅ አይከተለውም፤ ብዙው እንዲያውም ከቤት ጠፍቶ የመጣ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቲቱ እመቤት ፊደል አትለይም፤ ልጁንም አታውቀውም። ግን ከልጆቿ ድርሻ ቀንሳ ትጨምርለታለች። ጎጆው ሲመለስ ከጓደኞቹ ጋር አብሮ ይበላል፤ ቀደም ያለውም ኋለኛውን ያስጠናል፤ የኔታ ሁሉን አያዳርሱማ።

ታኅሣሥ 3፣ የበአታ ንግሥ ዕለት፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ ስትቆም ያ የደጇ ለማኝ ከመሪጌቶቹ ኋላ ጸናጽል ይዞ ታየዋለች። እንጀራዋ የት እንደደረሰ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለጋትም።

ዘመኑን ላሞግስ አይደለም። ረኀቡና በሽታው ስንቱን ቀጭቷል! ሴት ልጅማ ከጥቂቶች በቀር ደጁንም አልረገጠች።

አስኳላ ሲመጣ ግን ያልተማረች ሴት የነበራት ቦታ ጠፋ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ «የወላጅ መምህር ኅብረት» የሚባል አለ፤ ፊደል ያልቆጠረች የዳባት እናት ግን የምትጠራው መዋጮ ሲኖር ወይም ልጇ ሲያጠፋ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ካገሪቱ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለርሷ ድንገተኛ መርዶ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የልጇን ትምህርት ያየችበት ንግሥ አልነበራትማ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ።

በሩ በተከፈተበት ሁሉ፣ ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን ያለ መዋጮ ቢጠራትና ልጇ ፊቷ ቆሞ አንድ ገጽ ቢያነብላት ምን አለበት?