ክረምትና ቤተ ሰብ በብሥራተ ገብርኤል አካባቢ

ሁለት ሰዎች ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲገናኙ «እንዴት ከረምክ» ወይም «እንዴት ከረሙ» ይባባላሉ። ከረመ የሚለው ግስ ከክረምት ጋር ሥሩ አንድ ሲሆን፣ የዝናቡን ወራት በአንድ ስፍራ ማሳለፍን ያመለክታል። መጪው ዓመት ከርሞ መባሉም፣ «የከርሞ ሰው ይበለን» የሚለው ምርቃትም ከዚሁ የመነጨ ነው። ዓመት ዞሮ እንዲመጣ ሰው አስቀድሞ ክረምቱን መሻገር ነበረበት። ወንዙ ሲሞላ፣ መንገዱ ሲጨቀይ፣ ጎተራው ሲጎድል ቤተ ሰብ ተሰብስቦ የሚቆየው በአንድ ጣሪያ ሥር ነውና፣ አብዛኛው የክረምት ወግና ጨዋታ የተወለደው ከዚሁ መሰብሰብ ነው።

በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ይዘልቃል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ከግማሽ የሚበልጠውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እነዚሁ ወራት የፀሐይ፣ የባሕር ዳርቻና የጉዞ ጊዜ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ጭቃውና ጉሙ በሚበረታበት ወቅት ነው። ዕረፍቱ ራሱ የዕድሜ ባለጸጋ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ ዘመናዊ ትምህርት በተስፋፋ ቁጥር አብሮ የተስፋፋ ነው። ለገጠር ልጅ ክረምት ዱሮም ሆነ ዛሬ የአረምና የከብት ጥበቃ ወቅት ነው። እናም የከተማው ቤተ ሰብ በሐምሌና በነሐሴ ልጆቹን በምን እንደሚያውላቸው ግራ ሲገባው፣ መልሱን የተዋሰው በአመዛኙ ከእረኛው ልማድ ነበር።

ብሥራተ ገብርኤል ይህን ለማየት የሚመች ሰፈር ነው። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኘው ይህ መንደር ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲሆን፣ ብሥራት ማለትም መልአኩ ለድንግል ማርያም ያመጣው የምሥራች ነው። ከሰፈሩ የማይርቀው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ የቦሌው እስኪከፈት ድረስ፣ የዋና ከተማይቱ የአየር በር ነበር። ከዚያ በስተደቡብ ወደ መካኒሳና ወደ ላፍቶ ሲወረድ ከተማው አልቆ ማሳና ግጦሽ የሚጀምርበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ትንሹ አቃቂ ወንዝም በዚያው በኩል ያልፋል። የቪላ ቤት ልጅና የእረኛ ልጅ በአንድ ሜዳ ሊገናኙ የሚችሉበት የከተማ ዳርቻ ነበር ማለት ነው።

የሰፈሩ የክረምት በዓል ሐምሌ 19 ቀን ነው። በዚህ ዕለት በቅዱስ ገብርኤል ስም በታነጹ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የሚታሰበው የሦስት ዓመቱ ሕፃን ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ታሪክ ነው፤ መልአኩ ከሚፈላው ጋን ያዳናቸው እናትና ልጅ ናቸው። በክረምቱ እኩሌታ ላይ ቤተ ሰብን በአንድ ጃንጥላ ሥር ከቤት የሚያወጣ በዓል ታሪኩም የእናትና የልጅ መሆኑ ደስ ያሰኛል። አጋጣሚ ሆኖ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣውም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ያ አዋጅ የቤትን ባለቤትነት ከመለወጡም በላይ የከተማውን ነዋሪ በቀበሌ ማኅበራት አደራጅቷል። የማን አጥር የት እንደሚያልፍ፣ የማን ደጅ ከማን ደጅ እንደሚገናኝ ለልጆች ጨዋታም ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚነገረው የቡሄ ወግ የሚሄደው ከደጅ ወደ ደጅ ነው።

ከዚያ በፊት ግን በቤት ውስጥ ያለው ጨዋታ ይነሣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ምድጃው ላይ የበቆሎ እሸት እየተጠበሰ ወይም ቆሎ እየተቆላ፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲሸጋገር አያት ተረት ይጀምራሉ፤ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ። እንቆቅልሽ ደግሞ ከተረት ይልቅ ፉክክር አለበት። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋው ግን «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል፤ አሸናፊው በተሰጠው አገር ያገኘውን ምግብና መጠጥ፣ ክብርና ሹመት እየዘረዘረ ተሸናፊውን ካበሸቀ በኋላ ፍቺውን ይነግረዋል። በዝናብ ምክንያት ከደጃፉ ያልራቀ ልጅ የአገሩን ከተሞች ስም በዚህ መንገድ ሲቀባበል ያመሻል። አንዲት ከተማ ሁለት ጊዜ አትሰጥምና፣ ብዙ የሚሸነፍ ልጅ ብዙ ስም ማወቅ ግድ ይሆንበታል። የጂኦግራፊ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ ነው።

ገበጣም የዚሁ ወቅት ባልደረባ ነው። ሰሌዳ ባይኖር መሬት ላይ ጉድጓድ ተምሶ በጠጠር ወይም በፍሬ ይጫወቱታል፤ ቆጥሮ ማከፋፈልና የባላጋራን ሐሳብ አስቀድሞ ማንበብ ይጠይቃል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ከነአጨዋወታቸው መዝግበዋል። የሴቶች ልጆች ቅልብልቦሽ እንዲህ ያለ ትልቅ ጥናት አለማግኘቱ ያሳዝናል። የአያትን ወንበር በከፊል የወረሰው ቴሌቪዥን ሲሆን፣ ሥርጭቱ በ1957 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት ላላነሰ ጊዜ በልጆች ፕሮግራም ተረት ነግረዋል። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ጥቂት ስለነበር የጎረቤት ልጅ ሁሉ እዚያው ይሰበሰብ ነበር፤ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ሰብሰብ ብሎ ማድመጡ የጥንቱ ነው።

የክረምቱ ዋና በዓል ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ደብረ ታቦር፣ ክርስቶስ በጴጥሮስ፣ በያዕቆብና በዮሐንስ ፊት ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ዕለት መታሰቢያ ነው። እንደሚተረከው በዚያች ሌሊት ብርሃኑ ስለበዛ እረኞች የመሸ ሳይመስላቸው በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። በዋዜማው ችቦ የሚበራው፣ ሙልሙል የሚታደለው በዚሁ ምክንያት ነው። የጅራፉ ድምፅ ደግሞ ከደመና የተሰማውን የአብን ድምፅ ያስታውሳል ይባላል። ቡሄ የሚለውን ቃል አንዳንዶች ከብራና ከገላጣ፣ ሌሎች ከሊጥ መቡካት ጋር ያያይዙታል፤ ሁለቱም ለወቅቱ ይስማማሉ። ከዚህ ቀን በኋላ ክረምት አለ ተብሎ አይቆጠርም።

የሙልሙሉ ነገር ግን ከትርጓሜው በላይ ይታሰብበት። ነሐሴ በገጠር ያለፈው ዓመት እህል የሚያልቅበት፣ አዲሱም ገና ያልደረሰበት ወር ነው። በዚህ ጊዜ ለሌላ ሰው ልጅ የሚሰጥ ዳቦ ከትርፍ የሚሰጥ አይደለም። ልጆቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ፣ አንዱ እያወረደ ሌሎቹ እየተቀበሉ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ የቤቱን ጌታና እመቤት በስም እየጠሩ ያወድሳሉ፤ ተቀብለውም መርቀው ይሄዳሉ። ልመና ከሚመስለው ከዚህ ዜማ ውስጥ አንድ ስምምነት አለ፤ ልጅ የመንደሩ ሁሉ ነው፣ መንደሩም ሁሉ ለልጁ ዳቦ አለበት። ሙልሙሉ በከተማ ወደ ሳንቲም፣ ሳንቲሙም ወደ ብር ኖት ሲለወጥ ብዙ ሰው ቅር ብሎታል። ቅሬታው ከገንዘቡ ይልቅ ከመተዋወቁ ላይ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ባለቤቱን በስም የማያውቅ ልጅ በምን ያወድሰዋል?

የጅራፍም ዕጣ እንዲሁ ነው። ዛሬ በቡሄ ዋዜማ በአዲስ አበባ መንደሮች ከጅራፍ ይልቅ ርችት ይሰማል። ለጆሮ ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ርችት ከሱቅ ይገዛል፤ ጅራፍ ግን ቃጫው ተፈልጎ፣ ጭኑ ላይ እየገመደ ለልጁ የሚያሳይ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ይሻል። ማጮሁንም መማር ጥቂት ቀን ይወስዳል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፎቆችና የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በከተማው ሲበዙ ደግሞ ዘበኛ ያለበት የብረት በር በልጆቹና በባለቤቶቹ መካከል ገብቷል። በአንዳንድ ሕንፃዎች ነዋሪዎቹ በግቢው መካከል አንድ ችቦ በጋራ ማብራት ጀምረዋል። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያንም በነሐሴ ሙቀት፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በመናፈሻ ተሰባስበው ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ እዚያም ከደጅ ወደ ደጅ መሄዱ ቀርቶ ወላጆች ልጆቹን በመኪና ያመጧቸዋል።

ቡሄ የሚውለው በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ለ15 ቀናት የሚጾመውን ይህን ጾም ሕፃናትም ሳይቀሩ እስከ ቀትር ይሞክሩታል፤ ከወላጆቻቸው ጋር ቆመው ማስቀደሳቸው ለብዙዎቹ የመጀመሪያው የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ሲፈታ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል በሚባለው በዓል ልጃገረዶች ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። ያ የሴት ልጆች ተራ በአዲስ አበባ የሚመጣው ዘግይቶ፣ በዕንቁጣጣሽ፣ በአበባየሆሽ ዜማ ነው።

በመካከሉ ጳጉሜን አለች። በአምስቱ ወይም በስድስቱ ቀን ሰው ጎሕ ሳይቀድ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ አሮጌውን ዓመት ከገላ የማጠብ ልማድ ነው። ለብሥራተ ገብርኤልና ለመካኒሳ ሰው ቅርቡ ትንሹ አቃቂ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ወንዝ ከፋብሪካዎችና ከከተማው በሚለቀቅ ፍሳሽ ክፉኛ ስለተበከለ ልጅን ወደ እርሱ ለእጥበት መውሰድ የማይታሰብ ሆኗል። ከክረምቱ ወጎች ሁሉ በሰው ፈቃድ ሳይሆን በውኃው መበላሸት የተቋረጠ ይህ ነው። የቀረው ጳጉሜን 3 ቀን ነው፤ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ስለሚባል፣ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው በግቢው ይራወጡበታል፤ እናቶችም ውኃውን በገንዳና በባልዲ ከአሸንዳ ይቀበሉታል፤ ጥቂቱም ለሊጥ ይቀመጣል።