የምርምር ጽሑፍና የደራሲው መብት፤ በናይሮቢና በአዲስ አበባ

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወራሹ ማን እንደ ሆነ አይገልጥም። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ መጽሐፍ ይገለብጥ የነበረው ጸሓፊ ዋጋ የሚቀበለው ለእጁ ድካም ነበር። ማተሚያ በተስፋፋ ጊዜ ግን አንዱ ጽሑፍ በጥቂት ቀን ሺህ ስለሚሆን፣ የማተም መብት የማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። በእንግሊዝ አገር በ1710 እ.ኤ.አ. የወጣው የንግሥት አን ሕግ ይህን መብት ለደራሲው በመስጠት ፈር ቀዳጅ ሆነ።

በናይሮቢ ሕጉና የምርምር መጽሔቱ በአንድ ዓመት ተገናኙ። ኬንያ እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚህ ረገድ የምትመራው በእንግሊዝ ሕግ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የራሷን የደራሲ መብት ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት የምሥራቅ አፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ የሚመረምረው «አዛኒያ» የተባለው መጽሔት የመጀመሪያው ቅጽ ታተመ። መጽሔቱን የመሠረተው የብሪታንያ ተቋም ዛሬ የሚገኘው ከኪሊማኒ ጎን ባለው በኪሌሌሽዋ ሰፈር ነው። አዛኒያ ግን ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚታተመው በእንግሊዝ አገር በሚገኘው በቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ አሳታሚነት ነው። እንግዲህ የምርምሩ ቦታ አፍሪካ ሲሆን፣ የውሉ ወረቀት የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው ማለት ነው።

የአሠራሩ ሥርዓት በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። ጸሓፊው ጽሑፉን በአንድ ጊዜ ለአንድ መጽሔት ብቻ ይልካል፤ አዘጋጁም ጉዳዩን ለሚያውቁ ሊቃውንት ሰጥቶ ያስመረምራል፤ ጸሓፊው በተሰጠው አስተያየት ያርማል። ጽሑፉ ተቀባይነት ሲያገኝ የመብት ውል ይቀርብለታል። ውሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው መብቱን ፈጽሞ ለአሳታሚው ያስተላልፋል፤ ሁለተኛው የማተም ፈቃድ ብቻ ሰጥቶ ባለቤትነቱን ለደራሲው ይተዋል። የኬንያ የ2001 እ.ኤ.አ. ሕግ መብትን ማስተላለፍ በጽሑፍና በፊርማ እንዲሆን ያዘዘው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው።

በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን ባለቤትነት አወቀ። በ1955 ዓ.ም. ሪቻርድ ፓንክረስት ይመሩት የነበረው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የራሱን መጽሔት ማውጣት ጀመረ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 410 ደግሞ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብቱ እንዲጠበቅ ደነገገ፤ ስሙ እንዲጠራና ሥራው እንዳይዛባም ፈቀደለት።

ይሁን እንጂ ሕግ የሚጠብቀው ያልተሰጠውን ነው። ብዙ መምህር ለመታተም ካለው ጉጉት የተነሣ ውሉን ሳያነብ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ የገዛ ጽሑፉን በመማሪያ መጽሐፍ ሊያገባ ሲያስብ ፈቃድ መለመን ግድ ይሆንበታል፤ ተማሪዎቹም ስለ ገዛ አገራቸው የተጻፈውን ለማንበብ ዋጋ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ጽሑፉን ከመላኩ በፊት የመጽሔቱን ደንብ መመርመር፣ ከመፈረሙም በፊት ለማስተማሪያ የመጠቀም መብት እንዲቀርለት መጠየቅ ይገባዋል። በመጽሐፍ ያለው የሚወረሰው ለትውልድ እንዲሆን የሚያደርገው ይህ ጥንቃቄ ነው።