ከበረት እስከ ላቦራቶሪ፤ የካምፒሎባክተር ታሪክ

የአዊ ዞን ርእሰ ከተማ እንጅባራ ኮሶበር በሚል ስሟም ትታወቃለች። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ትል ለማስወጣት አያቶቻችን ይጠጡት የነበረ መራራ መድኃኒት ነው። ጀምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. በአገው ምድር አልፎ ወደ ግሽ ዓባይ ተጕዞ ነበርና፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚህ ዛፍ ከነሥዕሉ ጽፎአል። ሕዝባችን ለኮሶ ትል መድኃኒት የፈለገለት ትሉ በዐይን ስለሚታይ ነው። ከከብትና ከዶሮ ወደ ሰው ሆድ የሚገባው የማይታየው ነገር ግን መሣሪያ እስኪገኝለት ድረስ ስም እንኳ አልነበረውም። ከእነዚህ አንዱ ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ ነው።

ይህ ባክቴሪያ በዶሮ፣ በላምና በበግ አንጀት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሳይ ይኖራል። ባልፈላ ወተት፣ በሚገባ ባልበሰለ የዶሮ ሥጋና በተበከለ ውሃ ወደ ሰው ሲገባ ትኩሳት፣ ቁርጠትና አንዳንዴም ደም ያለበት ተቅማጥ ያመጣል።

በ1886 የሙኒኩ ሐኪም ቴዎዶር ኤሼሪሽ በተቅማጥ በሞቱ ሕፃናት አንጀት ውስጥ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎችን በማይክሮስኮፕ አየ፤ ሊያበቅላቸው ግን አልቻለም። ነገሩም ተረሳ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ስለዚህ ወገን ይጨነቁ የነበሩት ይልቁንም የከብት ሐኪሞች ናቸው። በ1913 ብሪታንያውያኑ ማክፋድየንና ስቶክማን ከሚጨነግፉ በጎች ማግኘታቸውን ገለጹ፤ በ1919 አሜሪካዊው ቴዎባልድ ስሚዝ ከባልደረባው ጋር ከላሞች የተገኘውን ቪብሪዮ ፊተስ ብሎ ሰየመው። ካምፒሎባክተር፣ ማለትም ቆልማማ በትር፣ የሚለውን ስም በ1963 የሰጡት ሴባልድና ቬሮን ናቸው።

ባክቴሪያው ለመብቀል አስቸጋሪ ነው። በአየር ውስጥ ካለው 21 በመቶ ኦክስጅን የሚፈልገው 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ ፈጽሞ ቢከለከልም አያድግም። በሰገራ ውስጥ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎችም ቀድመውት ሳህኑን ይሞሉታል። በ1972 በብራስልስ ደካይዘር፣ ቡትዝለርና ባልደረቦቻቸው የሕሙማንን ሰገራ በረቂቅ ማጣሪያ አሳለፉት፤ ቀጭኑ ካምፒሎባክተር ሲያልፍ ሌሎቹ ቀሩ። የማጣሪያው ዘዴ ግን ከከብት ሕክምና የተወሰደ ነበር። የሰው ሐኪም ከበረት የተማረው እንዲህ ዘግይቶ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በ1977 እንግሊዛዊው ስኪሮው ማጣሪያውን ትቶ በደም በተዘጋጀ አጋር ላይ ሦስት አንቲባዮቲኮች ጨምሮ፣ በ43 ዲግሪ ሙቀት ባክቴሪያውን አበቀለ። ተቅማጥ ከያዛቸው 803 ሕሙማን በ57ቱ አገኘው። በጽሑፉ ርእስ ላይ በሽታውን «አዲስ» ሲል ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ማኖሩ ተገቢ ነው፤ አዲሱ ዘዴው እንጂ በሽታው አልነበረምና።

በአገራችንም በጎንደር በሕፃናት ላይ ለአንድ ዓመት የተደረገ ጥናት በ1996 እ.ኤ.አ. ታትሞአል። ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ገጠር የሚመጣ፣ ሌሊት ከዶሮዎች ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያደረ ሕፃን ግን ማይክሮስኮፕ ብቻ ወዳለበት ጤና ጣቢያ ቢደርስ፣ አሜባና ጃርዲያ ይፈለግለታል እንጂ ካምፒሎባክተር አይፈለግለትም። በመዝገብ አልተጻፈምና የለም ማለት የኤሼሪሽን ዘመን መድገም ነው። የጋዝ መሣሪያ በሌለበት ላቦራቶሪ፣ ሳህኑን በሚከደን ብርጭቆ ዕቃ አስቀምጦ ሻማ ለኩሶ መክደን ኦክስጅኑን ይቀንሳል፤ በ42 ዲግሪ ሲቆይ፣ እንደ ጋዙ ባይሆንም፣ ባክቴሪያው ይበቅላል።