የግል ወይስ የመንግሥት ትምህርት ቤት? የይፋት ቆላ ወላጆች ምርጫ

ሸዋ ሮቢት፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ በማሽላ፣ በማሾና በሽንኩርት ይታወቃሉ። አዲስ የትምህርት ዘመን ሲቃረብ ግን ወላጆችን የሚያነጋግረው ልጅን ከግል ትምህርት ቤት ማስገባት ይሻላል ወይስ ከመንግሥት የሚለው ጉዳይ ነው።

ቀዳሚው ልዩነት ገንዘብ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነጻ አድርጎት ነበር፤ ደብተር፣ ዩኒፎርምና መዋጮ ግን ከወላጅ ኪስ ይወጣሉ። የግል ትምህርት ቤት የመመዝገቢያና ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃል። ደመወዝተኛ ወር ጠብቆ ይከፍላል፤ የአርሶ አደሩ ገቢ ግን በየወሩ አይመጣም። ምዝገባው በነሐሴና በመስከረም ነው፤ ማሽላ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የሽንኩርት ዋጋም ማሳ ላይ እያለ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ መሰላት ያለበት የአሥሩ ወር ድምር እንጂ የመስከረሙ ክፍያ ብቻ አይደለም። ከገጠር ቀበሌ ለሚመጣ ልጅ የቤት ኪራይና ስንቅ ይጨመርበታል።

ከፍ ያለ ክፍያ ከፍ ያለ ውጤት ያመጣል ማለት ግን አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ሆኑ። ጥሩ ውጤት ካስመዘገቡት መካከል በመንግሥት የሚተዳደሩ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። እነዚህ ተማሪዎቻቸውን በፈተና መርጠው የሚቀበሉ በመሆናቸው ከመደበኛው ትምህርት ቤት ጋር ማነጻጸር አይገባም። የግሎቹን ውጤት ስናይም ተማሪው ከምን ዓይነት ቤት እንደመጣ መርሳት የለብንም፤ ማታ የሚያስጠናው ሰው ያለው ልጅ የትም ቢማር ይቀድማል።

የቋንቋው ነገር ሰፋ ያለ ትኩረት ይሻል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት አንሥተው እንግሊዝኛን ስለሚያበረታቱ ልጆቻቸው ሽግግሩ አይከብዳቸውም። በአንጻሩ ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢማር የማንበብና የማስላት መሠረቱ ይጸናል። በእንግሊዝኛ መዝሙር የሚያዜም ልጅ የሚለውን ተረድቶት እንደሆነ ወላጅ መጠየቅ አለበት።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ እጥረትና የክፍል መጨናነቅ ይነሣል። በግሎቹ ደግሞ መምህራን በዓመቱ አጋማሽ የሚለቁበት ጊዜ አለ። መቅረት ግን ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ከቤት ይጀምራል፤ ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ነው።

ሁለቱም ዓይነት ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ተመዝነው ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ደረጃ 3 እና ከዚያ በላይ መስፈርቱን እንዳሟላ ይቆጠራል። ወላጅ ከመመዝገቡ በፊት ይህን ደረጃ ከርእሰ መምህሩ ወይም ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ማወቅ ይችላል።